ጉድጓዱ ውስጥ የተኛው

ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ ብሪጂዳ ከአህያዋ ወረደችና ገመዱን ይዛ በእግሯ ትመራት ጀመር። ምስኪን አህያ፣ ከትናንት ወዲህ የቀመሰችው አንድ ጣሳ ውኃ ብቻ ነው። ከኋላቸው የስካውሪ መንደሩ የውኃ ጉድጓድ ጠራጊ ማስትሮ ጄርላንዶ የገመድ መሰላሉን በትከሻው አጋድሞ፣ አካፋና ባልዲውን እያንቋቋ፣ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ የጀመረውን ስሞታ ይቀጥላል። ጫማው ጠቦታል። ፀሐዩ አናቱን በስቶታል። ደግሞስ ጤነኛ ሰው በመስከረም፣ ዘቢቡ ገና ከፀሐይ ሳይነሳ፣ ጉድጓድ ይጠረግልኝ ብሎ ደሴቱን አቋርጦ ይመጣል ወይ?

«ዝናቡ ሳይቀድመኝ ብዬ ነው፣ ማስትሮ» አለችው ብሪጂዳ።

እውነቷን ነው። በአፍሪቃ በኩል፣ ከባሕሩ ጫፍ ላይ፣ ደመናው ከሦስት ቀን ጀምሮ እንደ ተቀመጠ ነው። ግን ሙሉውን አልነገረችውም። ሰውየው ሊወርድበት የሚሄደው ጉድጓድ ውስጥ ቦምብ አለ።

ነገሩ የዛሬ ስምንት ዓመት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1943 ሰኔ ነው። የእንግሊዝና የአሜሪካ አውሮፕላኖች ደሴታቸውን ፓንተሌሪያን ቀንና ሌሊት ሲቀጠቅጡ ሰዉ ሁሉ ቤቱን ጥሎ ወደ ተራራው ዋሻዎች ሸሸ። ተራራው እሳተ ገሞራ ነው፤ በየስንጥቁ ትኩስ እንፋሎት ይተነፍሳል። ብሪጂዳም ናታ የምትባል የሦስት ዓመት ሴት ልጇን በጉያዋ ይዛ፣ ከአማቷ ከእማማ ፔትሮኒላ ጋር በዚያ እንፋሎት ውስጥ አሥር ቀን ሙሉ እንደ ድንች ተቀቀለች። ከላይ ሰማዩ ይጮኻል፣ ከታች መሬቱ ይፈላል። በመጨረሻ ነጩ ጨርቅ ተሰቅሎ ሲመለሱ ቤቱ ቆሞ አገኙት። የግቢው ወለል ላይ ግን፣ ልክ ከውኃው ጉድጓድ በላይ፣ በርሜል የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፍቷል። ብሪጂዳ ባልዲ ሰደደች። ባልዲው ውኃውን ዘልቆ ወረደና ከብረት ጋር ተላተመ። ያንን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

ጎረቤት ተሰበሰበ፣ መከረ፣ ያልፈነዳ ቦምብ ነው ብሎ ፈረደ። ለሹማምንቱ እንንገር ያለም ነበር። ግን በካማ መንደር በኩል አንድ ቤተሰብ ተናግሮ፣ ከባሕር ማዶ የመጡት ሰዎች ጉድጓዱን አድርቀው ቦምቡን እዚያው አፈነዱት፤ ቤቱም አብሮ ሄደ። እዚህ ደግሞ ምንጭ የለም፣ ወንዝ የለም። ሰው የሚጠጣው ጣሪያው የለገሰውን ነው፤ ጉልላቱ ላይ የዘነበው በቦይ ወርዶ ከግቢው ሥር ይጠራቀማል፣ ዓመቱም በዚያ ይገፋል። ጉድጓዱን ያጣ ሰው ቤቱን ዘግቶ መሰደድ ነው ዕጣው። ስለዚህ ቀዳዳውን በድንጋይና በኖራ ደፈኑት፣ የባልዲው ገመድ ላይ ቋጠሮ አበጁ፣ ከቋጠሮው በታች ላያወርዱ ተማማሉ፣ ከቦምቡ ጋርም ኑሮ ጀመሩ።

ናታን ግን ብሪጂዳ እዚያ ቤት አላኖረቻትም። ልጅ ልጅ ነው፤ አንድ ቀን ባልዲውን እንደ ዘበት ትለቀዋለች ብላ ፈራች። ባሏ ካሎጄሮ በዚያው ዓመት ከነመርከቡ ቱኒዚያ መንገድ ላይ ቀርቷል፣ ያለቻት ናታ ብቻ ናት። ስካውሪ ያለችው እህቷ ዶሮቴያ ዘንድ ወስዳ አስቀመጠቻት፤ እሁድ እሁድ እየሄደች ታያታለች። ለልጅቱ የተነገራት እዚያ ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው የሚል ነበር። ሕፃን ምሥጢር አይዝም ተብሎ ቦምቡ አልተነሳባትም።

ዛሬ ጠዋት ማስትሮውን ልትጠራ ስትሄድ ናታን ከአክስቷ ጋር ወይን ስታሰጣ አገኘቻት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ የእናቷን ትከሻ አልፏል። ቀና ብላ አየቻትና፣ «እሁድ ነው እንዴ?» አለች። ሌላ አላለችም። ብሪጂዳ ቁልቁለቱን የምትወርደው ያንን ቃል ይዛ ነው።

ዘንድሮ ከመጋቢት ወዲህ ጠብታ አልጣለም። ለፍየሎቹ እንኳ ተራራው ላይ የእንፋሎቱ ቀዳዳ ላይ ቁጥቋጦ እየደፉ፣ ከቅጠሉ የሚንጠባጠበውን እየለቀሙ ነው የሚያጠጧቸው። ከትናንት በስቲያ ባልዲው እስከ ቋጠሮው ወርዶ ባዶውን ወጣ። በስምንት ዓመት ውስጥ ውኃው ከዚያ ነገር በታች ሲሸሽ ይህ የመጀመሪያው ነው። ዝናቡ ከመጣ መልሶ ይሸፍነዋል፤ ከዚያማ ሌላ ስምንት ዓመት፣ ናታም ከአክስቷ ቤት ትዳራለች። ብሪጂዳ ቆርጣ የተነሳችው ለዚህ ነው፤ ያ ነገር ዘንድሮ ይወጣል፣ ካልሆነም ቤቱን ይዞ ይሄዳል። ለማስትሮው እነግረዋለሁ፣ ዳገቱን ስንጨርስ እነግረዋለሁ፣ ወይኑን ስናልፍ እነግረዋለሁ ስትል ይኸው ግቢው ደረሰ።

እማማ ፔትሮኒላ ጥቁር ሻሻቸውን አስረው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ቁመታቸው አጭር፣ ምላሳቸው ረጅም። ምራታቸው እስክትመለስ ማንም ባልዲ እንዳይሰድ ሲጠብቁ ነው የዋሉት። ለማስትሮው ዳቦና በጨው የታሸ የካፐር ቁጥቋጦ እምቡጥ አቀረቡለት፤ ውኃ ግን የጽዋውን ሩብ ብቻ ቀዱለት። እሱም አይቶ እንዳላየ ጠጣው። እንዲህ ያለ ዓመት ላይ ሩብ ጽዋ የክብር እንግዳ ድርሻ መሆኑን ማን አጥቶት።

በልቶ አፉን ጠረገና መስተዋት ጠየቀ። ብሪጂዳ የካሎጄሮን የጢም መላጫ መስተዋት አመጣችለት። ፀሐይዋ ከቀትር ዘንበል ብላ ነበር፤ ማስትሮው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኮ መስተዋቱን አዘነበለና ብርሃኑን ቁልቁል ላከው። የብርሃኗ ክብ በግድግዳው ላይ ተንሸራትታ ታች ወለሉ ላይ አረፈች። የቀረው ውኃ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ከመሀሉ ጭቃ የለበሰ፣ እንደ እርጉዝ ሆድ ያበጠ ነገር ብቅ ብሏል። ማስትሮው ድንጋይ ይሆናል አለና ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

አንዱን አወለቀ። የሁለተኛውን ማሰሪያ ሲፈታ ብሪጂዳ ከዚያ በላይ አልቻለችም።

«አይውረዱ፣ ማስትሮ» አለችው። «ቦምብ ነው። እዚያ ከተኛ ስምንት ዓመቱ ነው። መንገድ ላይ ልነግርዎ ነበር፤ አይመጡልኝም ብዬ ፈራሁ።»

የማስትሮ ጄርላንዶ ፊት ኖራ መሰለ። አልጮኸባትም። ያወለቀውን ጫማ መልሶ አጠለቀ፣ ማሰሪያውን አጠበቀ፣ ቀስ ብሎ ተነስቶ ከግቢው የድንጋይ አጥር ባሻገር ተሻገረና ከዚያ ሆኖ ነው የተናገረው።

«አንቺ ሴት፣ እኔ ሁለት ሕፃናት አሉኝ። አንድ ጫማ ነበር የቀረኝ።»

ብሪጂዳ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። የራሷን ልጅ ወደ ቤት ለመመለስ የሰው አባት ወደ ሞት ልትሰድ ነበር። ይቅርታ ጠየቀችው። ድካሙን እንደምትክስ፣ አህያዋን ይዞ እንዲመለስ ነገረችው። እሷ ራሷ መሰላሉን አስራ ትወርዳለች፤ ከዚህ ሌላ ማድረግ የምትችለው ነገር አይታያትም ነበር። መሰላሉን ልታነሳ ስትጎነበስ እማማ ፔትሮኒላ እግራቸውን መሰላሉ ላይ ጫኑበት።

«ተይው» አሉ። «ከመውረድሽ በፊት የምትሰሚው ነገር አለ። ከሰማሽው በኋላ ደግሞ አትወርጂም።»

ከዚያ ተናገሩ፤ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ። በጦርነቱ ጊዜ መንግሥት ለመድፍ ነው እያለ ከየቤቱ መዳብ ሲሰበስብ የመንደሩ ሴቶች ድስታቸውን እያለቀሱ አስረክበው ነበር። እማማ ፔትሮኒላ አንድ የተበሳ መጥበሻ ሰጥተው ከሁሉም የበለጠ አለቀሱ። የሠርጋቸውን ጎላ፣ ያንን የወይን ጭማቂ የሚፈላበትን ትልቁን መዳብ ግን ከገለባ ሥር ቀብረውት ነበር። ወደ ዋሻው ሲሸሹ ገለባው ቢቃጠልስ ብለው፣ ሰው ሳያይ፣ በገመድ አድርገው ወደ ጉድጓዱ ሰደዱት። ሲመለሱ የግቢው ወለል ተበስቶ ቆያቸው። ባልዲው ሲላተም እሳቸውም ሰምተዋል። ጎላው ይሁን ቦምቡ ያን ጊዜም አላወቁ፣ ዛሬም አያውቁም።

ብሪጂዳ መጀመሪያ የሰማችው ነገር አልገባትም። ሲገባት ጉድጓዱ አጠገብ ተቀመጠች።

«ስምንት ዓመት፣ እማማ» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ሆነ። «ልጄ ጥርሷ ሲነቀል አላየሁም። ፈንጣጣ ሲይዛት ያስታመመቻት ሌላ ሴት ናት። ጎላ አለኝ ማለት አቅቶዎት?»

«አላቃተኝም። ስንት ጊዜ ከአፌ መልሼዋለሁ» አሉ እማማ ፔትሮኒላ። «ጎረቤቶቹን አፍሬያቸዋለሁ፣ ይህን አልክድሽም፤ ዛሬም ድረስ ድስታቸውን እያነሱ ይራገማሉ። ግን ዝም ያልኩት ለእነሱ ብዬ አይደለም። ጎላዬ ነው ብልሽ ልጅቱን በማግሥቱ ታመጫታለሽ። ባይሆንስ? ቀዳዳው አለ፣ ከሰማይ የወረደ ነገር አለ። ልምልልሽ የምችለው ነገር አልነበረኝም። ልጅቱን ከምቀብራት አንቺ ብትጠይኝ ይሻለኛል አልኩ።»

ብሪጂዳ ልትቆጣ ፈለገች፣ ተቆጣችም፤ ግን እሷም በአማቷ ቦታ ብትሆን ምን ታደርግ እንደነበር አላወቀችም። ከአጥሩ ወዲያ ማስትሮ ጄርላንዶ ሁሉንም ሰምቶ ኖሮ፣ ጎላ ከሆነ ጎላ ነው፣ ቦምብ ከሆነ ቦምብ ነው፣ ከዚህ ሆኖ የሚለይ የለም ሲል አጉረመረመ።

«እሱን ነው የምለው» አሉ እማማ ፔትሮኒላ፣ ወገባቸውን በገመዱ እየጠመጠሙ። «አንተ ሕፃናት አሉህ። እሷ ናታ አለቻት። እኔ ያለኝ የጉልበት ቁርጥማት ነው። ገመዱን ያዝልኝ።»

ብሪጂዳ ለመነቻቸው፣ እጃቸውንም ያዘች። አሮጊቷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ቀሚሳቸውን በጉያቸው ወሸቁ፣ መሰላሉን ራሳቸው አሰሩ፣ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ፈተሹ። ማስትሮው የገመዱን ጫፍ በአጥሩ ላይ አሳልፎ ከወዲያ ማዶ ጨበጠ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ እርምጃ እንደማይራመድ ግን አስቀድሞ ተናገረ። ለብሪጂዳ የቀረላት ሥራ መስተዋቱ ነበር። ሰው ጨለማ ውስጥ ሲወርድ ብርሃኑን የሚይዝለት ያስፈልጋል፤ እሷም ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክካ ፀሐዩን ከአማቷ እግር በታች አቆመችው።

የመሰላሉ ገመድ ሲጥጥ ይሰማል። እማማ ፔትሮኒላ በየደረጃው ያርፋሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ ለቅዱሳኑም ለጉልበታቸውም አንዳንድ ቃል ይወረውራሉ። ከታች የውኃ መንቦጫረቅ ተሰማ።

«ደረስኩ» አሉ። «ከንቲባውም በሕይወት አለ።»

ከንቲባው እባብ መሳይ ዓሣ ነው። እንደ ደሴቱ ልማድ ትል እንዲለቅም ካሎጄሮ በሠርጉ ዓመት ጉድጓዱ ውስጥ የለቀቀው ነው፤ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ሲበላ ማንም አያየውም ብለው ነው ያንን ስም ያወጡለት። ሌላ ቀን ቢሆን ብሪጂዳ ትስቅ ነበር።

«እማማ፣ እባክዎ፣ ቀስ ይበሉ።»

«አንቺ ብርሃኑን አታንቀጥቅጪው። ዓይኔን አዞረው።»

ብሪጂዳ መስተዋቱን በሁለት እጇ ይዛ ክንዷን ከድንጋዩ ጋር አጣበቀችው። አሮጊቷ ተጎንብሰዋል፤ ከላይ የሚታየው ጥቁሩ ሻሽ ብቻ ነው። በመዳፋቸው ጭቃውን ሲያብሱ ይሰማል፣ ልክ የሕፃን ገላ እንደሚታጠብ፣ ቀስ አድርገው። ከዚያ መዳፉ ቆመ። ብሪጂዳ ስማቸውን ጠራች። ደግማ ጠራች። ማስትሮ ጄርላንዶ ከአጥሩ ወዲያ ምን ሆኑ ብሎ ጠየቀ፣ ገመዱንም ሳብ አደረገ።

«አትጎትተኝ» የሚል ድምፅ ከታች መጣ። ከዚያም፣ እንደ መጠራጠር ብለው፣ «ማስትሮ፣ አንተ ዓለም ያየህ ሰው ነህ። ቦምብ እጀታ አለው ወይ?»

ማስትሮ ጄርላንዶ አሰበ። በጦርነቱ ዘመን ወደቡ ላይ ሲሠራ ብዙ ዓይነት አይቷል።

«የለውም» አለ።

«እንግዲያው ይኸኛው አለው። ይኸውና ሌላውም በዚያ በኩል። ብሪጂዳ፣ ሁለት እጀታ አለው። ጎላዬ ነው።»

ብሪጂዳ መስተዋቱን አስቀመጠች። ከእግር ጥፍሯ የጀመረ ነገር ሰውነቷን እየፈታታው ወደ ላይ መጣ፣ ጉልበቷን ፈታው፣ ሆዷን ፈታው፣ አንገቷ ላይ ሲደርስ ሳቅ ሆኖ ወጣ፣ ሳቁም መሀል ላይ ልቅሶ ሆነ። ግንባሯን ትኩሱ ጥቁር ድንጋይ ላይ ደፍታ፣ ተመስገን፣ ተመስገን አለች፤ ስንት ጊዜ እንዳለችው አልቆጠረችም። ታች ጨለማው ውስጥ እማማ ፔትሮኒላ ብርሃኑ የት ገባ እያሉ ይጮኻሉ።

ወለሉን የበሳው ምን እንደሆነም ተገኘ። ሲወድቅ ጎላውን ገልብጦት ከሥሩ የተቀበረ፣ ሁለት ሰው የሚያነሳው የጣሪያ ድንጋይ ነው፤ በዚያ ሰሞን ከላይኛው ጎረቤት የነ አልማንሳ ቤት በቦምብ ሲፈርስ ከጉልላቱ ተፈንጥሮ የመጣ። ኖራው እንኳ ከላዩ አልለቀቀም። ስምንት ዓመት የፈሩት የጎረቤት ጣሪያ ነበር።

ማስትሮ ጄርላንዶ አጥሩን ተሻግሮ መጣ። ከጎላ ነው የሸሸሁት ማለት ነው አለ፣ ለራሱ። ከዚያም ተቀምጦ ሁለቱንም ጫማ አወለቀ። እማማ ፔትሮኒላ ግን አልወጣም አሉ፤ ከወረድኩ አይቀር የስምንት ዓመት ጭቃ ትቼ አልወጣም፣ ነገ ዝናቡ ቢመጣ በዚህ ላይ ነው ወይ የሚጠራቀመው ብለው ተከራከሩ። በግድ በገመድ ተጎትተው ወጡ። ጎላው ሲወጣ አረንጓዴ ሆኖ ነበር፤ ፀሐይ ላይ ሲደፋ ከንቲባው ከውስጡ ተዝለግልጎ ወደቀ። ማስትሮው በባልዲ አድርጎ መልሶ ወደ ሹመቱ ላከው።

ብሪጂዳ የጉድጓዱን መጠረግ አልጠበቀችም። አህያዋ ደክማለች ብላ በእግሯ ተነሳች። ያንን ዳገት ጠዋት በስንት ጭንቀት እንደወጣችው ታውቃለች፤ አሁን እግሯ መሬት መርገጡንም አላስተዋለችም። የወይኑን እርከን፣ የካፐሩን አጥር፣ የሚተነፍሰውን ተራራ አልፋ ስካውሪ ስትገባ ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላ ነበር። ዶሮቴያ ነገሩን ስትሰማ አለቀሰች፤ ለእህቷ ደስታም ነው፣ ለራሷም ነው፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ስምንት ዓመት ያሳደገቻትን ልጅ ስትሸኝ እንዴት አታልቅስ። ሁለቱ ተቃቀፉ። ዶሮቴያ የናታን ልብስ በነጠላ ጨርቅ ጠቀለለችና፣ እሁድ እሁድ እኔ እመጣለሁ አለች።

ናታ ጥቅልሏን ይዛ ተከተለች። ገና መንደሩን ሳይለቁ ብሪጂዳ ሁሉንም ነገረቻት፣ ዋሻውን፣ ቀዳዳውን፣ ባልዲውን፣ ጎላውን፣ ከውስጡ የወጣውን ዓሣም። የዘቢቡ ማስጫ ጋ ሲደርሱ ልጅቱ ቆመች።

«ቦምብ ነበር ማለት ነው?» አለች። «እኔ እኮ አክስቴ ልጅ ስለሌላት የሰጠሽኝ መስሎኝ ነበር።»

ብሪጂዳ አጥሩ ላይ ተቀመጠች። ይህን ቃል ልጇ ስንት ዓመት ይዛው እንደኖረች ስታስብ ልቧ ቁስል ሆነ።

«አልሰጠሁሽም» አለች። «አንድም ቀን አልሰጠሁሽም። እዚያ ቤት ብትሆኚ ከእኔ ጋር ትሞቻለሽ ብዬ ነው፤ እኔ እዚያ ሆኜ ቤትሽን ጠበቅሁልሽ እንጂ።»

ናታ እናቷን ትክ ብላ አየቻት። በዚያ ዕድሜ ሰው ውሸትን ያውቃል። አጠገቧ ተቀመጠች፣ ጥቅልሏን ጭኗ ላይ አደረገች።

«እሺ» አለች። «ጎላው ውስጥ የነበረውን ዓሣ ግን ማየት እፈልጋለሁ።»

ፀሐይ ስትጠልቅ ቤት ደረሱ። ማስትሮው ጉድጓዱን ጠርጎ፣ ለድካሙ ከክፍያው በላይ አንድ ማሰሮ ዘቢብ ተቀብሎ ሄዷል፤ ወሬው ግን ከእሱ ቀድሞ መንደሩን አዳርሶታል። የጎረቤት ሴቶች ተራ በተራ እየመጡ ጎላውን ሲያዩ አመሹ፣ የራሳቸውንም ድስት አስታውሰው እማማ ፔትሮኒላን አሳምረው ሰደቧቸው። አሮጊቷ አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሉ፤ ስድቡ ሲያበቃ ግን በመጪው ዓመት የወይን ጭማቂ ሲፈላ ከጎላው የማይደርሳት ሴት እንደማይኖር ቃል ገቡ። የእናትና የልጅ አልጋ አንድ ላይ ተነጠፈ፣ ሌላ አልጋ አልነበረምና።

ብሪጂዳ ዓይኗን ስትገልጥ ቤቱ በብርሃን ተሞልቷል። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች፤ ፍየሎቹ ሳይታለቡ ይጮኻሉ። ተደናግጣ ተነሳች። ከጎኗ ማንም የለም። ከውጭ ሌላ ድምፅ ይመጣል፣ ከመጋቢት ወዲህ ያልሰማችው፣ ውኃ ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ የሚሰጠው ያ ከባድ ድምፅ።

ባዶ እግሯን ወጣች። ጥቁሩ ድንጋይ ሁሉ ረጥቦ ያብረቀርቃል። እማማ ፔትሮኒላና ናታ ከቦዩ አጠገብ እስከ ጉልበታቸው ረጥበው ቆመዋል። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ ወደ ውጭ እንዲፈስ የቦዩን አፍ በጨርቅ ደፍነውት አድረው፣ ውኃው ሲጠራ ከፍተውታል፤ ይህን ሥራ በየዓመቱ የምትሠራው ብሪጂዳ ነበረች። አሮጊቷ ለልጅቱ ጨርቁ እንዴት እንደሚጠመዘዝ እያሳዩዋት ነው።

«መቼ ዘነበ?» አለች ብሪጂዳ።

እማማ ፔትሮኒላ ዞረው አዩዋት። ሌሊቱን ሙሉ ነው አሉ። እንዲህ ያለ ነጎድጓድ እሳቸው ከጦርነቱ ወዲህ ሰምተው አያውቁም፤ አህያዋ ገመዷን በጥሳ ወይኑ ውስጥ ነው የተገኘችው፣ ጎረቤት ሁሉ ፋኖስ አብርቶ ነው ያደረ።

ብሪጂዳ ሰማዩን አየች። ከዚያ ሰኔ ጀምሮ፣ ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር፣ ተራራውም ከውስጡ ባጓራ ቁጥር፣ ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆማ ነው የምታነጋው። አንድም ዓመት አምልጧት አያውቅም።

«እንዴት አልቀሰቀሳችሁኝም?» አለች።

«እኔ ቀስቅሼሽ ነበር» አለች ናታ፣ ጨርቁን እየጨመቀች። «‹ነጎድጓድ ነው፣ ተኚ› አልሽኝና ዞረሽ ተኛሽ።»